መጠገን ማበላሸት ነው ላሉት ጸሐፊ፦ ስለ ቦድ ጋያ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ቦድ ጋያ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ቦድ ጋያ በሰሜን ህንድ፣ በቢሃር ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ሲድሃርታ ጋውታማ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የነቃው፣ «ቡድሃ» ማለትም «የነቃው» የተባለውም እዚያ እንደሆነ ይታመናል። በአማርኛ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ደስ ያሰኛል፤ የጸሐፊው አማርኛም ያማረ ነው። ሐሳቡ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ስለመሰለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ቦታው የንጉሥ አሾካ ሥራ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ጭማሪ ነው። ሁለተኛ፣ ቅዱሳን ቦታዎችን የሠሩት ነገሥታት ናቸው፤ ሕዝቡ ከመሳለም ያለፈ ድርሻ አልነበረውም። ሦስተኛ፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወረራ በኋላ ቦታው ለ600 ዓመት ተረስቶ፣ እንግሊዞች መጥተው «አገኙት»። አራተኛ፣ በየዘመኑ የመጡ አዳሾች፣ በተለይ የበርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ሰዎች፣ እውነተኛውን ሕንፃ በጥገና ስም አበላሹት። አምስተኛ፣ በበርማ፣ በታይላንድና በቻይና የተሠሩት የቦድ ጋያ አምሳያዎች ነፍስ የሌላቸው ቅጂዎች ናቸው።

በየተራ እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አሾካ

አሾካ ታላቅ ሰው ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። አብዛኛውን ህንድ የገዛው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ268 እስከ 232 ገደማ ሲሆን፣ ድንጋይ ላይ ያስቀረጻቸው አዋጆች ዛሬም ይነበባሉ። ጸሐፊው ግን አዋጆቹ የሚሉትን ሳይሆን ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ስለ አሾካ የተተረከውን ነው የወሰዱት። በስምንተኛው የዓለት አዋጅ ላይ አሾካ ከነገሠ 10 ዓመት በኋላ ወደ «ሳምቦዲ»፣ ማለትም ወደ ቦድ ጋያ፣ እንደሄደ ተጽፏል። ሄደ ነው የሚለው፤ መሠረተ አይልም። መሳለሚያ ወዳልሆነ ቦታ ማን ይሄዳል? ንጉሡ የሄደው ከእሱ በፊት ሰዎች ወደሚሄዱበት ቦታ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳው በዛሬዋ ኔፓል፣ ኒጋሊ ሳጋር በሚባል ስፍራ የተገኘው የአሾካ ዓምድ ነው። በዓምዱ ላይ፣ ንጉሡ ከነገሠ 14 ዓመት ሲሆነው የቡድሃ ኮናካማናን ስቱፓ እጥፍ አድርጎ እንዳስፋፋ ተጽፏል። ኮናካማና በእምነቱ መሠረት ከጋውታማ ቀድሞ የኖረ ሌላ ቡድሃ ነው፤ ስቱፓ ደግሞ ዐፅም ወይም መታሰቢያ በውስጡ የሚቀመጥበት ጉብታ መሰል ግንብ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ስለ ቡድሂስት ቅዱስ ቦታ ግንባታ በእጃችን ካሉት እጅግ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ የሚናገረው ስለ አዲስ ምሥረታ አይደለም፤ የቆየን ነገር ስለማስፋት ነው። ጸሐፊው «የመጀመሪያው ሠሪ» የሚሉት አሾካ በራሱ አንደበት አዳሽ ነኝ ይለናል።

ቡድሃ በተወለደባት በሉምቢኒም እንዲሁ ነው። አሾካ ከነገሠ በ20 ዓመቱ ራሱ መጥቶ ሰገደ፣ ዓምድ አቆመ፣ የመንደሯንም ግብር ቀነሰላት። እዚያው ሉምቢኒ ውስጥ በተደረገና በ2013 ውጤቱ በታተመ ቁፋሮ፣ ከጡቡ ሕንፃ በታች ከአሾካ ዘመን የሚቀድም የእንጨት ሥራ ተገኝቷል። የእንጨቱ ሥራ የየትኛው እምነት ነው በሚለው ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ቦታው ከንጉሡ በፊት ሰው የሚያከብረው ስፍራ ስለመሆኑ ግን ጥሩ ምልክት ነው።

ጸሐፊው ጭማሪው ሁሉ ተገፍፎ «ንጹሑ የአሾካ ሥራ» ቢገኝ ይመኛሉ። ይህ ምኞት አንድ ጊዜ፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ተፈጽሟል። ቡድሃ የመጀመሪያውን ትምህርት በሰጠባት በሳርናት፣ ዳርማራጂካ የሚባል ስቱፓ ነበር። መጀመሪያ የተሠራው በአሾካ ዘመን ነው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ስድስት ጊዜ በላዩ ላይ እየተገነባ እያደገ ሄደ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ልብስ ደረበለት ማለት ነው። በ1794 የቤናሬስ ሹም የነበረው ጃጋት ሲንግ ጡቡን ለሌላ ግንባታ ፈልጎ አፈረሰው። ልብሱ ሁሉ ወለቀ። ከሥሩ የወጣው ንጹሕ አሾካ አልነበረም፤ ዐፅም የያዘ ዕቃ ነበር፤ ዐፅሙም ወደ ጋንጀስ ወንዝ ተጣለ። ዛሬ ሳርናት የሄደ ሰው የሚያየው ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ክብ መሠረት ብቻ ነው።

በዚሁ በመደራረብ ጉዳይ ላይ እያለሁ አንድ ነገር ላንሳ፤ ለእኛ አንባቢዎች ቅርብ ነውና። በቦድ ጋያ ከዛፉ ሥር «ቫጅራሳና» የሚባል የድንጋይ ዙፋን አለ፤ ቡድሃ የተቀመጠበት ቦታ ምልክት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዙፋኑ ግንባር ሲቆፈር ከተገኘው የወርቅና የዕንቁ ስጦታ መካከል የኩሻኑ ንጉሥ የሁቪሽካ ሳንቲም የታተመበት የወርቅ ጌጥ ይገኝበታል። ሁቪሽካ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከመካከለኛው እስያ እስከ ሰሜን ህንድ የገዛ ንጉሥ ነው። እኛም አገር፣ በደብረ ዳሞ፣ ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች በ1940 ተገኝተው ነበር፤ አብዛኞቹም የዚሁ የሁቪሽካ ናቸው። ወርቁ በንግድ በቀይ ባሕር በኩል እንደመጣ ይገመታል። የአንድ ንጉሥ ምስል በአንድ በኩል በእኛ ተራራ ላይ፣ በሌላ በኩል በቡድሃ ዙፋን ሥር መገኘቱን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በቦድ ጋያ ያ ጌጥ የተቀበረው አሾካ ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህንንም ጭማሪ ብለን እናውጣው?

ስለ ነገሥታት

ይህ ነጥብ ብዙ አያከራክርም፤ ድንጋዮቹ ራሳቸው ስለሚመልሱ። በቦድ ጋያ የዛፉን ዙሪያ ከከበቡት ጥንታዊ የአሸዋ ድንጋይ አጥሮች ላይ የለጋሾች ስም ተቀርጿል። ለረጅም ጊዜ «የአሾካ አጥር» ሲባል የኖረው ይኸው ነው፤ ጸሐፊውም ይህንን ስም ደግመውታል። አጥሩ ግን ከአሾካ በኋላ፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተሠራ ነው። በተደጋጋሚ የሚነበበው ስምም የአሾካ ሳይሆን የአንዲት ሴት ነው፦ «የክብርት ኩራንጊ ስጦታ»። ኩራንጊ የኢንዳግኒሚትራ ሚስት ነበረች። የንጉሥ ብራህማሚትራ ሚስት ናጋዴቪም ስሟ አለ። እነዚህ የቤተ መንግሥት ሴቶች ናቸው ይሉኝ ይሆናል። እሺ፤ ወደ ሳንቺ እንሂድ።

ሳንቺ በመካከለኛው ህንድ ያለው ታላቁ ስቱፓ ነው። በድንጋዮቹ ላይ ከ600 በላይ የለጋሾች ጽሑፎች አሉ። አንዱ አንድ ንጣፍ ድንጋይ ሰጠ፣ ሌላዋ የአጥር አግዳሚ ሰጠች። ከሰጪዎቹ ውስጥ መነኮሳትና መነኮሳይት፣ ነጋዴዎችና የቤት እመቤቶች ይገኛሉ፤ ሴቶቹ ብዙ ናቸው። በደቡቡ በር ላይ ደግሞ የቪዲሻ ከተማ የዝሆን ጥርስ ጠራቢዎች ቅርጹን እንደሠሩት ተጽፏል። በዝሆን ጥርስ ላይ የለመደ እጅ ድንጋዩን እንደ ዝሆን ጥርስ አድርጎ እንደፈለፈለው በሩን ያየ ሰው ይገባዋል። ንጉሥ ባይኖር ሳንቺ አይኖርም ነበር ማለት ይቻል ይሆናል፤ ያለ መዋጮ ግን ዛሬ የምናየው ሳንቺ ፈጽሞ አይኖርም።

ነገሥታቱም ራሳቸው ይህንን ያውቁ ነበር። በሩቅ ጃፓን ንጉሠ ነገሥት ሾሙ በ743 የናራውን ታላቅ የነሐስ ቡድሃ ለማሠራት ባወጣው አዋጅ፣ አንድ ጭራሮ ወይም አንድ እፍኝ አፈር ይዞ ሊረዳ የሚወድ ቢኖር ይፈቀድለት ብሏል። ሐውልቱ በ1180 በጦርነት ሲቃጠል ደግሞ ያስነሣው ቾገን የሚባል ሽማግሌ መነኩሴ ነው፤ አገር ላገር እየዞረ ምጽዋት ለምኖ።

ስለ «600 ዓመት መረሳት»

ከሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

በ1200 ገደማ የቱርኩ የጦር አዛዥ የባክቲያር ካልጂ ጦር በቢሃር ገዳማት ላይ ከባድ ጥፋት ማድረሱ እውነት ነው። ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸው ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርኩት ባዶነት ግን አልነበረም። በ1234 ዳርማስቫሚን የሚባል የቲቤት ተሳላሚ ቦድ ጋያ ደረሰ። ቦታው ወና ሆኖ አራት መነኮሳት ብቻ ቀርተው ነበር። የማጋዳው (የዛሬው ደቡብ ቢሃር) ንጉሥ ቡድሃሴና ወደ ጫካ ሸሽቷል። አራቱ መነኮሳት ምን አደረጉ? ዋናው የቡድሃ ምስል ያለበትን ክፍል በር በጡብ ደፍነው ለሰኑት፤ ከፊቱ ሌላ ምስል አቆሙ፤ በልስኑ ላይ ደግሞ የሂንዱዎችን አምላክ የሺቫን ምስል ሳሉ፤ ወራሪው «ይህ የቡድሂስቶች አይደለም» ብሎ እንዲያልፍ። ዳርማስቫሚን ራሱም አንድ ጊዜ ከእነሱ ጋር ሸሽቶ፣ ሰንብቶ ተመልሷል።

ይህንን ያነበበ ሰው ከዚያ 600 ዓመት ያህል ቀድሞ የተጻፈ ሌላ ታሪክ ትዝ ሊለው ይገባል። በ630ዎቹ ቦታውን የጎበኘው ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ፣ የጋውዳ (የቤንጋል) ንጉሥ ሻሻንካ ዛፉን ቆርጦ እንዳቃጠለና የቡድሃን ምስል አንስቶ የሺቫን እንዲያቆም አንድ ሹሙን እንዳዘዘ ይተርካል። ሹሙ ምስሉን ማንሳት ፈራ፤ ንጉሡንም ፈራ። ስለዚህ ከምስሉ ፊት የጡብ ግድግዳ አቆመ፣ ውስጥ መብራት አኖረ፣ በግድግዳው ላይ ሺቫን ሳለ። ሁለቱም ታሪኮች እንደተጻፉት በትክክል ተፈጽመዋል ብዬ አልሟገትም። በቦታው የነበሩ ሰዎች ግን ቅዱሱን ነገር ከአደጋ ማትረፊያ ጥበብ እንደነበራቸውና ጥበቡም ትዝታ ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደተላለፈ ያሳያሉ። ያ ግድግዳም ግንባታ ነው፤ በጸሐፊው መለኪያ ግን አይቆጠርም።

ዳርማስቫሚን ከቦድ ጋያ ወደ ታዋቂው የቡድሂስት መማሪያ ገዳም ወደ ናላንዳ አለፈ። የመማሪያ ቤቶቹ ፈርሰው፣ ዕድሜው ከ90 ያለፈ ራሁላ ሽሪብሃድራ የሚባል ሽማግሌ 70 ያህል ተማሪዎችን ሲያስተምር አገኘው። ተቃጥሎ አለቀ በተባለ ቦታ፣ በፍርስራሽ መካከል፣ ትምህርት አልተቋረጠም ነበር።

የቦድ ጋያም ታሪክ እንዲሁ ይቀጥላል። የሸሸው የቡድሃሴና ልጅ ንጉሥ ጃያሴና፣ ለአንድ የሲሪላንካ መነኩሴ መኖሪያ እንዲሆን አንድ መንደር ለቫጅራሳና ሰጥቷል፤ የድንጋይ ጽሑፉ ተገኝቷል። የሲሪላንካ መነኮሳት እዚያ መኖራቸው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ንጉሣቸው ሜጋቫና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከህንዱ ንጉሥ ሳሙድራጉፕታ ፈቃድ ጠይቆ ገዳም ሠርቶላቸው ነበር። በ1290ዎቹ መጨረሻ የበርማ ልዑካን መጥተው ቤተ መቅደሱን አደሱ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሻሪፑትራ የሚባል የቦድ ጋያ መነኩሴ በኔፓልና በቲቤት አድርጎ ቤይጂንግ፣ ሚንግ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄደ። በ1472 የፔጉ ንጉሥ ዳማዜዲ ከበርማ ባለእጆችን ወደ ቦድ ጋያ ላከ። በ1590 ገደማ ጎሳይን ጋማንዲ ጊሪ የሚባል የሺቫ ባሕታዊ በቦታው ሰፈረ፤ የእሱ ተከታዮች፣ ማሃንቶቹ፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቦታውን ያዙ። በ1811 ለእንግሊዝ ኩባንያ ጥናት ሲያደርግ የነበረው ፍራንሲስ ቡካናን ሲደርስ፣ ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ የበርማ ንጉሥ ሰዎች መጥተው እንደነበር ሰማ። ቦታዎቹንም እየዞረ ያስረዳው እነዚያ እንግዶች ወደ እምነታቸው የመለሱት የአገሩ ባሕታዊ ነበር።

ይህ የትኛው መረሳት ነው? አሳሹ አገኘሁ ያለውን መንገድ ሌላ ተሳላሚ ረግጦት ነበር። «ተረሳ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ስለ አውሮፓ ብቻ ነው፤ አውሮፓ ከዚያ በፊት አላወቀውምና። እኛ የእነሱን አለማወቅ የሌሎች መርሳት አድርገን በአማርኛ ስንጽፍ ያሳዝነኛል፤ በእኛም አገር ታሪክ ላይ ይኸው ተደርጓልና ልናውቀው ይገባን ነበር።

ስለ ማሃንቶቹ ጸሐፊው «ቦታውን የነጠቁ ባዕዳን» ብለዋቸዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሳው የባለቤትነት ክርክር መራራ ነበር፤ የቡድሂስቶቹ አቤቱታ እውነተኛ ነው። ጥንቱን ግን በዚህ መነጽር ማየት አይገባም። ሹዋንዛንግ በሰማው ታሪክ መሠረት ትልቁን ቤተ መቅደስ የሠራው በሺቫ ምክር የተነሳ ብራህሚን፣ ማለትም ከሂንዱ ካህናት ወገን የሆነ ሰው፣ ነው። ኬሻቫ የሚባል የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ደግሞ በንጉሥ ዳርማፓላ በ26ኛው ዓመት፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ አራት ፊት ያለው የሺቫ ምስል እዚያው ማሃቦዲ (የቦድ ጋያ ሌላ ስም ነው) አቁሟል፤ 3000 ድራማ (የዘመኑ ገንዘብ) አውጥቶም ኩሬ አስቆፍሯል። ሁለቱ እምነቶች እዚያ ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንዳንዴም ተጣልተዋል።

ስለ በርማዎቹ ጥገና

ጸሐፊው «አበላሹ» ያሉት እነማንን ነው? በበርማ የባጋን ንጉሥ የነበረው ቻንሲታ (ከ1084 እስከ 1113 የገዛው) በፕሮሜ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ዕንቁ በመርከብ አስጭኖ የአሾካ ሥራ የሆነውንና አርጅቶ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ ለማደስ፣ ለዘላለም የሚነድ መብራትም ለማቅረብ እንደላከ ይናገራል። ከቀድሞው ይልቅ አሳምሮ እንደሠራውም ይጨምራል። በቦድ ጋያ የተገኘው የበርማ ቋንቋ ጽሑፍ ደግሞ በ1295 ሥራው ተጀምሮ በ1298 መጠናቀቁን ይገልጻል። ያ ጽሑፍ ከሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ነው። የራሱን ዘመን ሥራ ብቻ አያወራም፤ አሾካ ሠራው፣ አረጀ፤ እገሌ የተባለ መነኩሴ ጠገነው፣ ደግሞ አረጀ፤ እገሌ የተባለ ንጉሥ ጠገነው፣ ደግሞ አረጀ እያለ የአዳሾችን የዘር ሐረግ ይቆጥራል። ጠጋኞቹ ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ባዕድ እጅ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው።

«ከቀድሞው አሳምሬ» የሚለው አነጋገር ጸሐፊውን ሳያስቆጣ አልቀረም። የዛሬ የቅርስ ባለሙያም ይቆጣል፤ ዛሬ ጥገና ማለት ሳይነኩ ማቆየት ነው። ያኔ ግን ቃሉ ሌላ ነበር። በሳርናት በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጋሃዳቫላው ንጉሥ ጎቪንዳቻንድራ ሚስት ንግሥት ኩማራዴቪ፣ የዳርማቻክራ ጂናን፣ ማለትም የሚያስተምረውን ቡድሃ፣ ምስል በአሾካ ዘመን እንደነበረ፣ ከዚያም ይበልጥ ድንቅ አድርጋ እንደመለሰች አስጽፋለች። «እንደነበረ» እና «ይበልጥ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ለእሷ አይጋጩም። ለቅዱሱ ነገር ያለህን የተሻለውን ካልሰጠህ እንደነበረው አልመለስከውም። የሚጠግን ሰው ከመሥራቹ ጋር የምግባሩን ዋጋ ይካፈላል፤ ዋጋውንም ለፍጥረት ሁሉ ያውለዋል። ይህ የእምነቱ ውስጣዊ ሕግ ነው፤ ከውጭ መጥተን በሙዚየም ሕግ ልንዳኘው አንችልም።

ደግሞም ሌላ ምርጫ አልነበረም። ቤተ መቅደሱ የጡብ ሥራ ነው፤ 50 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ውበቱ ያለው በልስኑ ላይ ነው። የቢሃር ክረምት ዝናብ ልስኑን ያነሳል፣ ውሃ በጡቡ መካከል ይገባል፣ ወፍ የጣለችው የፒፓል ዘር በስንጥቁ ውስጥ ይበቅላል፣ ሥሩም ግንቡን ይሰነጥቃል። ቡድሃ የነቃበት ዛፍ ዘር ራሱ የቤተ መቅደሱ ጠላት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ካልተጠገነ ይፈርሳል፤ የ5ኛው ወይም የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ እስከ ዛሬ የቆመው በየጊዜው የጠገነው ሰው ስለነበረ ብቻ ነው።

ጸሐፊው በርማዎቹን የከሰሱበት ማስረጃ ከ1877 የመጣ ነው። በዚያ ዓመት የበርማው ንጉሥ ሚንዶን ሰዎች ፍርስራሹን እየጠረጉ፣ በጥንት መሠረት ላይ አዲስ ግድግዳ እየሠሩ ነበር፤ በመንግሥት የተላከው ህንዳዊው ምሁር ራጀንድራላል ሚትራ አይቶ ነቅፏቸዋል። ነቀፋው በከፊል ትክክል ነው፤ ብዙ የስለት ስቱፓዎችና ቅርጻ ቅርጾች ከቦታቸው ተነቅለዋል፤ ይህ ጉዳት አይካድም። ነገር ግን ሚትራ ስለ 1877 የጻፈውን ወስዶ በ1298 እና በቻንሲታ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ከዚያም ቀጥሎ፣ ከ1880 እስከ 1884፣ የእንግሊዝ መንግሥት የጥንታዊ ቅርስ ባለሙያዎች፣ እነ ካኒንግሃምና ቤግላር፣ ራሳቸው ሕንፃውን አደሱት፤ ያኔ የፊት ለፊቱ የላይኛው ክፍል ተደርምሶ ነበር፤ እነሱ ሞሉት፣ ለሰኑት፣ በአራቱ ማዕዘን ትናንሽ ማማዎችን አቆሙ። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መግቢያ ላይ «ያልተነካ የጉፕታ ዘመን ውበት» (ጉፕታዎች ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ህንድን የገዙ ነገሥታት ናቸው) ብለው ያደነቁት ገጽታ በብዙው የ1880ዎቹ እጅ ያለበት ነው። የበርማው መጠገን ማበላሸት፣ የእንግሊዙ ማዳን የሚሆነው በምን ሚዛን ነው?

ስለ አምሳያዎቹ

ቤግላር የፈረሰውን ክፍል ቅርጽ ከየት አመጣው? አንዱ መመሪያው በፍርስራሹ ውስጥ የተገኘ ትንሽ የድንጋይ አምሳያ ነው። እንዲህ ያሉ በእጅ የሚያዙ የቤተ መቅደሱ አምሳያዎች ለተሳላሚዎች እየተሠሩ ወደ ቲቤት፣ ወደ ኔፓል፣ ወደ በርማ ይሄዱ ነበር። ጸሐፊው «ነፍስ የሌለው ቅጂ» ያሉት ነገር ዋናውን ሕንፃ ለማቆም መንገድ አሳየ። ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፉ ቀና ብዬ ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ትልልቆቹም አምሳያዎች የመዳከም ውጤት አይደሉም። ባጋን ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው የማሃቦዲ ቤተ መቅደስ፣ በቺያንግ ማይ ንጉሥ ቲሎካራጅ በ1455 ያስጀመረው ዋት ቼት ዮት፣ በቤይጂንግ በ1473 የተጠናቀቀው ባለ አምስት ማማው ዠንጁዌ፣ እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ወደ ቦድ ጋያ የሚወስደው መንገድ አደገኛ እየሆነ በሄደበት ዘመን ነው። ዳማዜዲ ባለእጆቹን የላከው ለጥገና ብቻ አልነበረም፤ የቦታውን አቀማመጥ አጥንተው ፔጉ ላይ እንዲሠሩለትም ነው። ተሳላሚው መሄድ ሲያቅተው ቦታው ወደ ተሳላሚው ሄደ።

ዛፉን ደግሞ እንመልከት። ጸሐፊው በቦድ ጋያ ያለው ዛፍ «የመጀመሪያው አይደለም» ብለው ቦታውን ሁሉ ለመጠራጠር ተጠቅመውበታል። አዎ፣ አይደለም። ፒፓል የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው፤ ይወድቃል፣ ይተካል። ሹዋንዛንግ እንደተረከው ሻሻንካ ካቃጠለው በኋላ የማጋዳው ንጉሥ ፑርናቫርማን ሥሩን በ1000 ላሞች ወተት አጠጥቶ አስነሣው፤ ዙሪያውንም ከፍ ያለ ግንብ አጠረለት። በ1876 በዐውሎ ነፋስ ወደቀ፤ ከዘሩ የበቀለ ችግኝ ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ በፊት፣ የአሾካ ልጅ መነኮሳዪት ሳንጋሚታ ቅርንጫፉን ይዛ ወደ ሲሪላንካ እንደሄደች ይታመናል፤ በአኑራዳፑራ የተተከለው እስከ ዛሬ በመነኮሳት እየተጠበቀ ይኖራል። አብሮ የኖረው ግንዱ ሳይሆን ዘሩ ነው፤ ዘሩን ያቆየውም የሰው እጅ ነው።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ «የቦድ ጋያ ሠሪዎች» የሚል ዝርዝር አስቀምጠዋል፦ አሾካ፣ የጉፕታ ነገሥታት፣ የፓላ ነገሥታት፣ ካኒንግሃም። ጽሑፉን አሻሽለው እንደገና ሊያወጡት እንዳሰቡ ስለነገሩን አንድ ልመና አለኝ። አጥሩን የሰጠችውን ኩራንጊን ይጨምሩልን። ኩሬውን ያስቆፈረውን የድንጋይ ጠራቢውን ልጅ ኬሻቫንም። በ1298 ሥራውን ፈጽመው ከእነሱ በፊት የነበሩትን አዳሾች ስም ያስቀረጹትን በርማዎች። ከካኒንግሃም ስም በላይም በ1234 በሩን በጡብ ደፍነው ሺቫን የሳሉትን አራት መነኮሳት።